የማሽን ቡና በቤት ውስጥ፦ ማኪያቶን እንደየሰው አፍ መሥራት

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ቁጭ ብላችሁ ትዕዛዙን አዳምጡ። «ማኪያቶ ጠቆር ያለ!» «ነጣ ይበል!» «አንድ ስፕሪስ!» ሰው የሚፈልገውን አጥርቶ ያውቃል። ማሽኑ ላይ የቆመው ልጅም የቋሚ ደንበኞቹን ፊት አይቶ፣ ሳይነገረው ይሠራል። ቤቱ ማሽን ገዝቶ ያስገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጀበናው ይመለሳል። ጣዕሙ እንደ ካፌው አልሆነለትማ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። በእኔ እምነት ጣዕሙን የሚወስነው የማሽኑ ዋጋ አይደለም። ቡናው ከተቆላ ስንት ቀን ሆነው? እንዴት ተፈጨ? ወተቱስ ምን ያህል ሞቀ? እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ ርካሽ ማሽንም ጥሩ ማኪያቶ ይሰጣል። ካልተስተካከሉ ውድ ማሽንም አያድንም። ጀበናውን ተዉት ማለቴ አይደለም። የማሽን ቡና ሌላ ነገር ነው፤ አያያዙም ይለያል።

ዕቃው

ለቤት የሚሆኑ ዕቃዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ፓምፕ ያለው የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «15 ባር» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ ቡናው የሚፈልገው አይደለም። ለቡናው 9 ባር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ «20 ባር» የሚል አይታችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሁለተኛው በእጅ የሚጫኑት ነው። ውሃ አፍልቶ መጨመርና ማንሻውን ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። መብራት አይፈልግም። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ሦስተኛዋ ሞካ ናት። ምድጃ ላይ የምትጣደው ትንሿ ዕቃ፤ ውሃው ከታች፣ ቡናው መሐል፣ የወጣው ቡና ከላይ። ሞካ ያላችሁ ሰዎች «የእኔማ የማሽን ቡና አይባልም» አትበሉ። የዱሮው የካፌ ማሽንም እንደ ሞካ ነበር። ጣሊያኖች ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ይዘው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተሸንፈው ለቀቋት። የፒያሳ ሕንፃዎችም የዚያ ዘመን ናቸው። ከላይ ወርቃማ አረፋ (ክሬማ) የሚሰጠው፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው የአኪሌ ጋጅያ ማሽን ግን ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የካፌ ማሽኖች ውሃውን በእንፋሎት ግፊት ነበር በቡናው ውስጥ የሚያሳልፉት። ሞካም የምትሠራው እንዲሁ ነው። አልፎንሶ ቢያሌቲ ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1933 ነበር። ክሬማ አትሰጥም፤ ጠንከር ያለ፣ ወተት የሚችል ቡና ግን ትሰጣለች። ለማኪያቶ ከበቂ በላይ ናት።

የኤሌክትሪክ ማሽን ካላችሁ ስታቢላይዘር አይለያችሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉት። ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ነው። ሰዓቱን በስልካችሁ ትይዛላችሁ።

ቡናውን መምረጥ

ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ ጥሬ ቡና ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የእኛ አገር ቡና ሁሉም አረቢካ ነው፤ ጣዕሙ ግን እንደ መጣበት ይለያያል። የታጠበ (ቀይ ፍሬው ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ የደረቀ) ይርጋጨፌ አበባ አበባ ይሸታል፣ ሎሚነት አለው። ያለ ወተት ለሚጠጣ ሰው ድንቅ ነው። ወተት ሲገባበት ግን ያ ሁሉ ሽታ ይዋጣል። ያልታጠበ (ከነሽፋኑ የደረቀ) የሐረር ቡና ደግሞ ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ወፈር ይላል። ወተት አይጥለውም። ሊሙ በሁለቱ መሐል ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጥቁር የሚጠጣም ማኪያቶ የሚጠጣም ካለ፣ በሊሙ ወይም ባልታጠበ ሲዳማ ብትጀምሩ ሁሉንም ታስማማላችሁ።

ከዚያ መልቀም ነው። ለጀበና ከምትለቅሙት በላይ ልቀሙ። የጠቆረ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የሻገተ ፍሬ በጀበና ውሃው ብዙ ስለሆነ ላይታወቅ ይችላል። በማሽን ግን የ16 ግራም ቡና ጣዕም በሙሉ ሁለት ጉንጭ በማይሞላ ፈሳሽ ውስጥ ይሰበሰባል። አንድ የሻገተ ፍሬ ሲኒውን በሙሉ ያበላሻል።

አቆላሉና ማሳረፉ

እዚህ ላይ ነው የጀበና ልማዳችን የሚያስቸግረን። በጀበና ቡናው ይቆላል፣ ጭሱ ይሸተታል፣ ወዲያው ተወቅጦ ይጣዳል። ለጀበና ልክ ነው። ለማሽን ግን ዛሬ የተቆላ ቡና ዛሬ አይሆንም።

ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ለቀናት ቀስ እያለ ይወጣል። ሳይወጣ ማሽን ውስጥ ከገባ ውሃውን እየገፋ አላሳልፍ ይላል። ውሃው ደግሞ ቀዳዳ ፈልጎ በአንድ ጎን ሾልኮ ያልፋል። የሚወጣው ቡና አረፋው ብዙ ነው፤ ጣዕሙ ግን ስስና ጎምዛዛ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ማሽኑን ይረግማል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እሑድ ለጀበና ስትቆሉ የማሽኑንም አብራችሁ ቁሉ። አሠራሩ ይህን ይመስላል።

1. የተለቀመውን ቡና እጠቡና ውሃውን በደንብ አጥልሉት። እርጥብ እንደሆነ ከተጣደ መጀመሪያ ይቀቀላል እንጂ አይቆላም። ጊዜ ካላችሁ ሰፌድ ላይ አስጥታችሁ አድርቁት።

2. ምጣዱን በመካከለኛ እሳት አግሉ። ቡናው ከምጣዱ ሥር ተደራርቦ እንዳይከመር በልኩ ጨምሩ። እጃችሁ ከመቁያው አይለይ።

3. መጀመሪያ ይቢጫል፣ ከዚያ ቀረፋ መልክ ይይዛል። ቀጥሎ መንጣጣት ይጀምራል። ይህን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። መንጣጣቱ ጋብ ሲል የማሽኑን ድርሻ አውጡ። የጀበናውን ደግሞ እንደለመዳችሁት እስኪጠቁር ቀጥሉበት።

4. ያወጣችሁትን ሰፌድ ላይ በትናችሁ በማራገቢያ ቶሎ አቀዝቅዙት። ምጣዱ ላይ ከተዋችሁት በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል።

5. በማግሥቱ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ክተቱት። ከ5 እስከ 10 ቀን አሳርፉት። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጨርሱት።

ቅባቱ ላዩ ላይ እስኪያብረቀርቅ የተቆላ ቡና ለማሽን አልመክርም። መራራ ነው፤ መፍጫውንም ይደፍነዋል። ደግሞ አስቡበት፦ ጥሬ ቡና ሲቆላ ክብደቱ በግምት ከ15 እስከ 18 በመቶ ይቀንሳል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ከ410 እስከ 425 ግራም የተቆላ ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚያወጣ ቤት ይህ ወደ ሁለት ሳምንት ያደርሳል።

የተቆላ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የተቆላበትን ቀን አይታችሁ ግዙ። ቀን ያልተጻፈበትን እኔ አልገዛም።

አፈጫጩ

ከሁሉም በላይ ልባችሁን እዚህ ላይ አድርጉ። ገንዘብ ካላችሁ ከማሽኑ ቀንሳችሁ መፍጫው ላይ ጨምሩ።

ሙቀጫና ዘነዘና ለጀበና እንጂ ለማሽን አይሆንም። ግማሹ ይልማል፣ ግማሹ ይሸረከታል። ውሃ በተሸረከተው በኩል በፍጥነት ያልፋል፤ የላመው ደግሞ መራራውን ይለቃል። በአንድ ሲኒ ውስጥ ጎምዛዛውም መራራውም አንድ ላይ ይመጣል። በምላጭ የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መፍጫም ችግሩ ያው ነው። ጥርስ ኖሮት የሚፈጭ፣ ልመቱን እየጠመዘዙ የሚያስተካክሉት መፍጫ ያስፈልጋል። በእጅ የሚዞረውም ቢሆን ጥሩ ይሠራል። መብራት ሲጠፋም አያቆማችሁም።

መፍጫ መግዛት ለጊዜው ካልቻላችሁ ማሽናችሁ ይዞት የመጣውን ወንፊት ገልብጣችሁ እዩ። ከውስጥ ብዙ ቀዳዳ፣ ከውጭ ግን አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለው የአፈጫጭ ስህተትን ይሸፍናል። በዚህ ወንፊት ቡና መፍጫ ቤት ያስፈጫችሁትን መጠቀም ትችላላችሁ። «ለማሽን» ብላችሁ አስፈጩ፤ የአንድ ሳምንት ብቻ ውሰዱ። የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

ከውስጥም ከውጭም እኩል ቀዳዳ ያለው ወንፊት ከሆነ ግን ከማውጣታችሁ በፊት መፍጨት አለባችሁ። ልመቱን በሁለት ጣታችሁ አሽታችሁ እዩ። ከገበታ ጨው የደቀቀ፣ ከዱቄት ግን ሻከር ያለ ይሁን። ለሞካ ከዚህ ትንሽ ገርደፍ ይበል።

ውሃና የጎንደር ከፍታ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቡና በማሽን ለማውጣት የሚፈለገው ሙቀት ደግሞ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። በእጅ የሚጫን ዕቃ ያላችሁ ልብ በሉ። ከውጭ አገር የሚመጣው መመሪያ «ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቁ» ይላል። እናንተ አትጠብቁ። እንደፈላ ወዲያው ጨምሩ። ብረቱንም አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ አሙቁት፤ አለበለዚያ ሙቀቱን እሱ ይወስደዋል። የኤሌክትሪክ ማሽን የራሱን ሙቀት ስለሚቆጣጠር ይህ አያሳስባችሁ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን በሮቶና በጀሪካን እናጠራቅማለን። የቆየ ውሃ ሽታ ይይዛል። በማጣሪያ አሳልፉት፤ ወይም ለማሽኑ ብቻ የታሸገ ውሃ መድቡ። ጠጥታችሁ የማይጥማችሁን ውሃ ማሽን ውስጥ አትጨምሩ።

ማውጣት

1. ማሽኑን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሙቁት። እጀታው ቦታው ላይ እንደገጠመ ይሙቅ። ቡና ሳትጨምሩ አንድ ጊዜ ውሃ ብቻ አሳልፉ። ሲኒዎቹንም በዚያው ውሃ አሙቁ።

2. 16 ግራም መዝኑ። ወንፊቱ ትንሽ ከሆነ 14 ይበቃል። ዋናው ነገር በየቀኑ ያው መጠን መሆኑ ነው።

3. ወንፊቱ ውስጥ ጨምራችሁ በጣታችሁ ወይም በቀጭን እንጨት አስተካክሉት። በአንድ ጎን ተከምሮ እንዳይቀር።

4. በመጠቅጠቂያው ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። ኃይል ማሳየት አያስፈልግም። ላዩ ዝንፍ ሳይል እኩል መሆኑ ነው የሚፈለገው።

5. እጀታውን ግጠሙ። ሚዛኑን ከሥር፣ ሲኒውን በላዩ አድርጉ። አብሩት፤ ሰዓቱንም አብራችሁ አስጀምሩ።

6. የወጣው ቡና 32 ግራም ሲደርስ አቁሙ። የጨመራችሁትን እጥፍ ማለት ነው። ጊዜው ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ከሆነ ጥሩ መነሻ ላይ ናችሁ።

በዓይን አትለኩ። ክሬማው ሲኒውን የሞላ ያስመስለዋል፤ ሚዛን ግን አይታለልም። ክሬማው በውጭ አገር ካፌዎች እንደሚታየው ባይወፍርም አትጨነቁ። በውጭ አገር ለካፌ የሚዘጋጅ ቡና ብዙ ጊዜ ሮቡስታ የሚባል ሌላ የቡና ዝርያ ይቀላቀልበታል፤ ክሬማውን የሚያወፍረው እሱ ነው። አረቢካ ብቻውን ሲሆን ክሬማው ቀጠን ይላል።

ሞካ ላላችሁ፦ ከታች የፈላ ውሃ እስከ መተንፈሻዋ ቀዳዳ ድረስ ጨምሩ። ባለ 3 ሲኒዋ ከ15 እስከ 18 ግራም ቡና ትይዛለች። ቡናውን ሙሉት፣ ላዩን አስተካክሉት፣ ግን አትጠቅጥቁት። ዕቃዋን በፎጣ ይዛችሁ አጥብቃችሁ ዝጉ፤ የታችኛው ክፍል ትኩስ ነው። በለስላሳ እሳት ጣዱ። ከሰል ከሆነ ፍሙን ገለል አድርጋችሁ ዳር ላይ። ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ እዩ። መንተክተክ ስትጀምር ወዲያው አውርዷትና ሥሯን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጧት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንፋሎትና ምሬት ነው።

ቀምሶ ማስተካከል

ከራሳችሁ አፍ ጋር የምትተዋወቁት እዚህ ነው። አንድ ቀን ጊዜ ወስዳችሁ ይህን ሞክሩ። ሦስት ሲኒ አዘጋጁ። ቡናው መውረድ ሲጀምር በአንደኛው ተቀበሉ። ሲሶው ሲወጣ ሁለተኛውን አስገቡ፣ መጨረሻ ላይ ሦስተኛውን። ከዚያ በተራ ቅመሱ። የመጀመሪያው ወፍራም፣ ጎምዛዛ፣ ምላስ የሚይዝ ነው። ሁለተኛው ጣፈጥ ይላል። ሦስተኛው ቀጭንና መራራ ነው። ልክ አቦል፣ ቶናና በረካ እንደሚለያዩት ከአንድ ቡና ሦስት ጣዕም ይወጣል። ሙሉው ሲኒ የሦስቱ ድምር ነው። አንዱ ሲበዛ ሌላው ይጠፋል።

ይህን ከቀመሳችሁ በኋላ ማስተካከሉ ቀላል ነው።

ቡናው በ15 ሴኮንድ ፈስሶ ካለቀና ጎምዛዛ ከሆነ፣ አልሙት። ከ40 ሴኮንድ በላይ እየተንጠባጠበ ቆይቶ አፍ የሚያደርቅ ምሬት ካለው፣ ገርደፍ አድርጉት። ጊዜው ልክ ሆኖ አሁንም ከጎመዘዘ፣ በ32 ፈንታ 38 ወይም 40 ግራም እስኪወጣ ተዉት። መራራው ካስቸገራችሁ ደግሞ 28 ላይ አቁሙ። ሲበዛ ስስ ከሆነባችሁ የምትጨምሩትን ቡና በ1 ግራም ከፍ አድርጉ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ልመቱንም፣ መጠኑንም፣ ጊዜውንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳስተካከለው ወይም እንዳበላሸው አታውቁም። ቡና በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ መጀመር አለ። ለሐረሩ የተስማማው ልመት ለይርጋጨፌው ላይስማማ ይችላል።

የቤተሰቡን ልክ በወረቀት ጽፋችሁ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጥፉት። እኛ ቤት አባዬ ጥቁር ነው የሚወዱት፤ 28 ግራም ላይ የቆመ፣ ስኳሩ ሳይማሰል። እማዬ ቀለል ይበልልኝ ትላለች፤ 40 ግራም አውጥተን ሙቅ ውሃ እንጨምርላታለን። ልጆቹ ወተት ነው የሚፈልጉት። ወረቀቱ ካለ ማንም ተነስቶ ለማንም ይሠራል።

ወተቱ

ከከብት አርቢ የምትገዙት ጥሬ ወተት ከሆነ መጀመሪያ ይፍላ። የማሽኑ እንፋሎት ማፍላትን አይተካም። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለማኪያቶ የሚሞቅበት 60 ዲግሪ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ይህን አያጠፋም። አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ስልባቦቱን ግፈፉ። ከዚያ ፍሪጅ አስገቡት። አረፋ በደንብ የሚይዘው ቀዝቃዛ ወተት ነው፤ ለመሥራትም ጊዜ ይሰጣችኋል። ስልባቦቱ ካልተገፈፈ አረፋው ይጓጉላል።

የእንፋሎት ቧንቧ ካላችሁ፦

1. ጆጉን እስከ ሲሶው ወይም ቢበዛ እስከ ግማሹ ሙሉ።

2. ቧንቧውን ለአፍታ ክፈቱ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ይውጣ።

3. የቧንቧውን ጫፍ ከወተቱ ላይ ትንሽ ብቻ ጠለቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ስስ የማፏጨት ድምፅ ይሰማችሁ። ይህ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ለማኪያቶና ለላቴ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይበቃል። ለካፑቺኖ ከ8 እስከ 10።

4. ከዚያ ጫፉን ጠለቅ፣ ጆጉን ዘንበል አድርጉ። ወተቱ መዞር ይጀምራል። ድምፁ ይጠፋል። ትልልቁ አረፋ ወደ ውስጥ እየገባ ይደቅቃል።

5. መዳፋችሁን ጆጉ ላይ አድርጉ። መያዝ ሲያቅታችሁ አቁሙ። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ደርሷል። ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ወተት መሽተት ይጀምራል። ትኩስ የሚወድ ሰው ካለ ሲኒውን አሙቁለት እንጂ ወተቱን አታቃጥሉት።

6. ጆጉን ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጉና አሽከርክሩ። ቧንቧውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ እንፋሎት አስወጡበት። የደረቀ ወተት ማጽዳት ከባድ ነው።

ቧንቧ የሌላችሁ ወተቱን ምድጃ ላይ እጅ እስከማያስይዝ ድረስ ብቻ አሙቁና በባትሪ በሚሠራው ትንሹ መምቻ ምቱት። በእጅ የሚጫነው የቡና ማጣሪያ ብርጭቆ (ፍሬንች ፕሬስ) ካላችሁ እሱ ይሻላል፤ እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ያህል ሲያመላልሱት የሚገርም አረፋ ይሰጣል።

መጠጦቹ

የእኛ ማኪያቶ በትንሽ ብርጭቆ፣ በተደራረበ መልክ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ስኳር የሚፈልግ ካለ ከሥር አድርጉ። ወተቱን ከነአረፋው ቅዱና ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። አረፋው ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ቡናውን በማንኪያ ጀርባ ላይ አሳልፋችሁ በዝግታ አፍስሱ። በወተቱና በአረፋው መሐል ገብቶ ይቆማል። ካልቆመ የፈሰሰው በፍጥነት ነው።

መጠኑን በተመለከተ ለ90 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ እኔ የምሠራበት ይህ ነው። መካከለኛ፦ 30 ቡና፣ 60 ወተት። ጠቆር ያለ፦ 45 ቡና፣ 45 ወተት። ነጣ ያለ፦ 20 ቡና፣ 70 ወተት። ነጣ ያለ የሚወድ ሰው ቡናው እንዲሰማው ከፈለጋችሁ ጠንከር ያለውን፣ 28 ግራም ላይ የቆመውን ተጠቀሙ። ቀጭን ቡና በብዙ ወተት ውስጥ ድምፁ አይሰማም።

ካፑቺኖ ከዚሁ ቡና ወተቱን ወደ 120 ከፍ አድርጎ፣ አረፋውን አወፍሮ ነው። ላቴ ወተቱ ወደ 200፣ አረፋው ስስ።

ስፕሪስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻዩ ስኳር ካልገባበት ከቡናው ጋር ይደባለቃል። ስኳሩ ነው ሻዩን አክብዶ ከሥር የሚያስቀምጠው። ጠንከር ያለ ሻይ በቀረፋና በቅርንፉድ አፍሉ፣ ስኳሩን በደንብ አሟሙ፣ ግማሽ ብርጭቆ ቅዱ። ቡናውን በማንኪያ ጀርባ አፍስሱ።

ጤና አዳም የለመደ ሰው በማሽን ቡናም ያጣጥመዋል። አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ጥቁሩ ቡና ውስጥ ከ10 ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ነክራችሁ አውጡ። ቡናው ትንሽ ስለሆነ ከቆየ ሌላ ጣዕም አይተርፍም። ከወተት ጋር ግን አይስማማኝም።

በጾም

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ለሳምንታት፣ ወተት የለም። ስፕሪሱ አለ፤ ማኪያቶም ይቻላል።

የአኩሪ አተር ወተት አረፋ በመያዝ የላም ወተትን ይጠጋል። ችግሩ ጎምዛዛ ቡና ሲነካው ይለያያል። ስለዚህ ይርጋጨፌውን ተዉና ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ተጠቀሙ። ወተቱን ከ60 ዲግሪ አታሳልፉት። ቡናውም ከወጣ በኋላ ትንሽ ይረፍ። ወተቱን ቡናው ላይ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

የአጃ ወተት ቤት ይሠራል። አንድ ሲኒ አጃ በሦስት ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ፍጩና በነጠላ አጥልሉ። ሲሞቅ ተጠንቀቁ፤ ከበዛ አጥሚት ይሆንባችኋል።

የሱፍ ወተትም አለን። ሱፉን ለስላሳ እሳት ላይ አመስ አድርጋችሁ፣ በውሃ ፈጭታችሁ፣ በጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልሉት። አረፋ አይሰጥም። ግን ቅባት ያለው፣ የለውዝ ዓይነት ጣዕም ያለው ነው፤ ከሐረር ቡና ጋር እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሳይፈላ፣ ለብ ብሎ ብቻ ቡናው ላይ ይጨመራል።

ማጽዳት

በየቀኑ ቡና ካወጣችሁ በኋላ አተላውን ድፉ፣ ወንፊቱን እጠቡ፣ ባዶ ውሃ አንድ ጊዜ አሳልፉ። የቡና ቅባት ሲያድር ይበላሻል፤ በማግሥቱ የምትቀምሱት ያንን ነው። አተላውን አትጣሉት፤ ደርቆ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ለአትክልት ይሆናል።

የማሽኑን የውስጥ ደለል በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ አስወግዱ። አቼቶ የሚጠቀም ሰው አለ፤ ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም፣ ጎማዎቹንም ይጎዳል። ሲትሪክ አሲድ ይሻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙ፣ ግማሹን አሳልፉ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ ተዉት፣ ቀሪውን አሳልፉ። ከዚያ የማሽኑን የውሃ መያዣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ አሳልፉ። የመጨረሻውን ውሃ ቅመሱት። ጎምዘዝ ካለ አንድ ጊዜ ይደገም። ሞካዋን ግን በዚህ አትንኳት። አሉሚኒየም ስለሆነች በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቧት፣ ፈታታችሁ አድርቋት፣ ሳትገጥሙ አስቀምጧት።